አርባ ለዓይን፣ ሠላሳ ለሐዘን

መስከረም 25 ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣ እንዲሁም ለጸሐፊያችን ለእህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናችሁን ነገር እጠይቃለሁ። እማ፣ ያ ሃምሳ ሁለት ደረጃ ጉልበትሽን እንዴት አድርጎታል? የላውንደሪው እንፋሎትስ ሳሉን ተወልሽ? እኔ ከአንድ ዓይኔ በቀር ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ደህና ነኝ፤ የአባቶቻችን አምላክ የተመሰገነ ይሁን።

ስለ ዓይኔ እንዳትደነግጪ። ቀኙ ነው። ሐኪሙ «በውስጡ ያለው ስስ ሽፋን እንደ ግድግዳ ወረቀት እየተላጠ ነው» አለኝ። መስከረም 29 ቀን ይሰፋልኛል። ሰዓት ስሠራ ማጉያ መነጽሩን የማደርገው በዚህ ዓይን ስለሆነ፣ እሱ ከሄደ መተዳደሪያዬም አብሮት ሄደ ማለት ነው። የሱቁ ባለቤት ሽማግሌው ግን ጥሩ ሰው ናቸው፤ «ወንበርህን ማንም አይቀመጥበትም» ብለውኛል።

ከተሰፋ በኋላ ለአርባ ቀን ሦስት ነገር ተከልክያለሁ፤ ማጎንበስ፣ ዕቃ ማንሳትና ማልቀስ። «ማልቀስ ደግሞ ምን አመጣው?» ስለው፣ «ሰው ሲንሰቀሰቅ ይወጠራል፤ ስፌቱ ቢተረተር ሁለተኛ አልሰፋልህም» አለኝ። ሽንኩርት ካልላጥኩ ምን ያስለቅሰኛል ብዬ ሳቅሁበት።

አንቺ ጸሐፊ፣ እማ የምትነግርሽን ብቻ ጻፊ። ባለፈው ደብዳቤ ጠርዝ ላይ ከራስሽ የጨመርሽውን ስድብ ሱቁ በሙሉ አነበበው። ደግሞ በግራ እጅሽ ስትጽፊ መዳፍሽን በቀለሙ ላይ ስለምትጎትቺው ግማሹን የማነበው በግምት ነው። እማ ፊደል መማሯን ከጨረሰች ራሷ ብትጽፍልኝ ይሻለኛል፤ አንቺ ከሥራ ተባረሻል።

እማ፣ እጅሽን እስማለሁ። የእሷን ጆሮ ቆንጥጪልኝ።

ልጅሽ ሰዓት ሠሪው


ጥቅምት 12 ቀን

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትህ? እንደምንስ አለህልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። እህትህም በጣም ደህና ናት። ጎረቤቶችም በጣም ደህና ናቸው።

ይህን የምጽፈው እኔ ራሴ ነኝ። እህትህ ቀኝ እጇን ካውያ ስላቃጠላት መጻፍ አልቻለችም። ትንሽ ነው፤ ይድናል። በጣም እንደናፈቅሃትና ሰላም እንድልልህ ነግራኛለች። ዓይንህን እንድትጠብቅም መክራሃለች።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ጥቅምት 5 ቀን ነው። ቤት ውስጥ ሰው ነበረ። ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪዋ ጮክ ብላ አነበበችልን። ሽንኩርቱ ጋ ስትደርስ አፍንጫዋን ጠረገችና ጉንፋን ነው አለች።

ቀኑን ቆጥሬዋለሁ። አርባው ኅዳር 8 ቀን ያልቃል። እስከዚያ አታጎንብስ፤ ዕቃ አታንሳ፤ ሦስተኛውንም አታድርግ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እዚህ አንተን የሚያሳስብ ምንም ነገር የለም።

ጽሕፈቴ ካስቸገረህ ይቅር በለኝ። አስተማሪያችን እየቀያየርሽ ነው ትለኛለች፤ ሁለቱን «ጸ» አሁንም አልለያቸውም። ይህችን ገጽ ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውርህ።

እናትህ


ጥቅምት 29 ቀን

ለእናቴ፤

ደብዳቤሽ ጥቅምት 22 ቀን ደረሰኝ። ጽሕፈትሽ ይነበባል።

ዓይኔ እንደታሰረ ነው። አላጎነበስኩም፤ ዕቃ አላነሳሁም፤ ሦስተኛውንም አላደረግሁም። ሰሞኑን ሱቅ አልገባሁም።

ኅዳር 8 ቀን ሐኪሙ ጋ እሄዳለሁ። አንቺ በሰዓቱ እህል ቅመሺ። ወደ ሥራ ለመመለስ አትቸኩዪ።

ልጅሽ


ኅዳር 10 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

አምላክ ዓይንህን ይጠብቅልኝ። የዛሬው ምርቃቴ ይኸው ብቻ ነው።

ደብዳቤህ ትናንት መጣ። ፊደል ለመቁጠር እኔም አላቃተኝም፤ ግን ያነበብኩት መስሎኝ ያላነበብኩት ነገር እንዳይኖር ብዬ ለዳቦ ጋጋሪዋ ሰጠኋት። አነበበችው። ገልብጣ ጀርባውን አየች። ፖስታውን አራገፈችው።

«ሌላ ወረቀት የለውም?» አለችኝ።

«ይኸው ነው።»

«እንዴት ነሽ አይልም እንዴ? እጅሽን እስማለሁ አይልም? ኧረ ይሄ ልጅ ተቆጥቷል! የፍርድ ቤት መጥሪያ እንኳን ከዚህ ይሻላል።»

እኔም ያንኑ ነው ያሰብኩት። ከቤት ከወጣህ ጀምሮ ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ጽፈህልኝ አታውቅም። እንቅልፍ የለኝ፣ እህል አይወርድልኝ፤ ዛሬ ጠዋት ተነሥቼ ወደ ምኩራብ ሄድኩ። ረቢያችን መሰላል ላይ ወጥተው አምፖል ይቀይሩ ነበር። እዚያው መሰላሉ ላይ ሆነው አነበቡት።

«መቼ ነው የተጻፈው?» አሉኝ።

«ጥቅምት 29 ይላል።»

በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወረዱና የታችኛው ደረጃ ላይ ተቀመጡ።

«ሃያ ሰባተኛው ቀን ላይ ነው የጻፈው። ልጅሽ አልተቆጣም። ሐዘንተኛን ሠላሳው እስኪያልፍ ሰላም እንደማይሉት ከአባቱ ጎን ቆሞ እዚሁ ነው የተማረው። ዐውቋል።»

ስለዚህ ልጄ፣ ብታውቅም ከእኔ ስማው። እህትህ ሦስት ቀን በትኩሳት ታማ ጥቅምት 3 ቀን አርፋለች። በዚያው ቀን ከአባትህ አጠገብ ቀበርናት።

ያ የሽንኩርት ደብዳቤህ የደረሰኝ ወለል ላይ ተቀምጬ፣ መስተዋቱ ተሸፍኖ፣ የቀሚሴ አንገት ተቀዶ ሳለ ነው። ሰባቱ ቀን አልቆ እንደተነሣሁ ቴሌግራም ቤት ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ሳልልክ ተመለስኩ። በሕጋችን የወንድም ሐዘን እንዴት እንደሆነ ረቢያችንን ጠየቅኋቸው። ወሬው በሠላሳ ቀን ውስጥ የደረሰው ልብሱን ይቀዳል፣ ሰባቱን ቀን ይቀመጣል አሉኝ። ሠላሳው ካለፈ በኋላ የሰማው ግን አንድ ሰዓት ብቻ ተቀምጦ ይነሣል።

«አንድ ሰዓት?» አልኳቸው።

«አንድ ሰዓት» አሉኝ።

ላውንደሪ ውስጥ በአንድ ሰዓት ሃያ አንሶላ እተኩሳለሁ። እህትህን በሃያ አንሶላ ልክ እንድታዝንላት ማድረግ ከበደኝ። ሠላሳው ግን የሚያልቀው ኅዳር 2 ነው፤ የዓይንህ አርባ ኅዳር 8። ስድስት ቀን ብቻ ነው የሚለያቸው። ወደላይ ብቆጥር፣ ወደታች ብቆጥር አልገናኝ አሉኝ። ዓይንህን መረጥኩ። አርባው ሲያልቅ ልነግርህ ወረቀት ገዝቼ ነበር፤ አንተ ቀደምከኝ።

ደብዳቤዬ ደርሶህ ከገባህ ግን ተቀምጠሃል ማለት ነው። ከተቀመጥህ አልቅሰሃል። ዓይንህ ምን ሆነ? ሌላ አትጻፍ፤ እሱን ብቻ ጻፍልኝ።

እናትህ


ኅዳር 21 ቀን

ለምወድሽ፣ ለምሳሳልሽ እናቴ፤

ሠላሳው አልፏልና ያጠራቀምኩትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ልስጥሽ። እንዴት ነሽ? እንዴት አለሽ? እንዴት ሰነበትሽ? እንዴት ከረምሽ? እጅሽንም ጉልበትሽንም እስማለሁ። ለዳቦ ጋጋሪዋ መጥሪያው ተሰርዟል በያት።

ዓይኔ ተርፏል። ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታው መጀመሪያ ጭጋግ ብቻ ነበር። ቀስ እያለ ጭጋጉ ነጭ ካፖርት ሆነ። «አዝራሮቼን ቁጠር» አለኝ። አራት ናቸው አልኩት። ዝቅ ብሎ ራሱን አየና «እኔ እንኳን አምስት ይመስሉኝ ነበር» አለ፤ አንዱ ተበጥሶበት ኖሯል። ሁለት ወር ካረፍኩ በኋላ ወደ ሥራ እንድመለስ ተፈቅዶልኛል።

እንዴት እንዳወቅሁ ልንገርሽ። ቀኝ እጇን ካውያ ስላቃጠላት መጻፍ አልቻለችም አልሽ። እማ፣ ልጅሽ እኮ ግራኝ ናት። በቀኝሽ ካልያዝሽ እያልሽ በኩርኩም ስታባርሪያት የኖርሽው አንቺው ነሽ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ይሄን ስትሰማ ምን ትል ይሆን ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ቀጥሎ «ሰላም እንድልልህ ነግራኛለች» ይላል። እሷ ከተወለደች ጀምሮ ሰላም ብላኝ አታውቅም። ቀጥሎ በዓይንሽ ምለሽ አገኘሁሽ፤ አንቺ መሐላ የማታውቂ ሴት። «ቤት ውስጥ ሰው ነበረ» የሚለውን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። በሥራ ቀን ቤታችን ሰው የሚሞላው መቼ እንደሆነ አባባ ያረፈ ጊዜ አይቻለሁ።

ቀኑን በትክክል አላወቅሁትም። በእጇ የጻፈችው የመጨረሻ ደብዳቤ ግን መስከረም 28 ይላል። ስለዚህ ሠላሳው እንዳላለፈ ቆጠርኩ። ሸሚዜን ቀደድኩ።

ያከራየኝ ሰው ጫማ ሰፊ ነው፤ የእኛ ሰው ባይሆንም ዝቅ ያለች የሥራ በርጩማውን ሰጠኝ። ችግሩ እንዴት ልቀመጥባት? ማጎንበስ አልችልም። እሱ በአንድ ብብቴ፣ የሱቁ ሽማግሌ በሌላው ገብተው እንደ ቁም ሣጥን ዝቅ አደረጉኝ። ሽማግሌው «አንገትህን! አንገትህን ቀጥ!» ይጮሃሉ። ጫማ ሰፊው «ለቅሶ መጥቼ ዕቃ አውራጅ ሆንኩ እኮ» ይላል። ሰባት ቀን ሙሉ እንዲህ ሲያወርዱኝና ሲያነሱኝ ሰነበቱ።

በዚህ ሰፈር አይሁድ ጥቂት ነን። ለእሷ የሙታንን ጸሎት፣ ቃዲሽን ለማድረስ ዐሥር ወንድ መሙላት አለበት። ሽማግሌው በየሱቁ ዞረው እኔን ጨምሮ ዘጠኝ አደረሱን። ዐሥረኛውን ከአውቶቡስ ፌርማታ በእጁ ጎትተው አመጡት። ስሙን እስካሁን አላውቀውም። ሰንበት ሲቀር በየቀኑ እየመጣ በየቀኑ አውቶቡሱ አመለጠው።

እማ፣ አላለቀስኩም። ጣሪያውን እያየሁ፣ በአፌ እየተነፈስኩ ተቀመጥኩ። ጫማ ሰፊው አይቷት የማያውቃትን ልጅ አለቀሰላት። እኔ ወንድሟ እንደ ግንብ ተገትሬ አየሁት። ስላወቅሁ እንዳትጨነቂ ብዬም ምንም አልነገርኩሽም፤ ሰላም ልልሽ ግን ሕጉ አልፈቀደልኝም፤ ሳታስተውዪው ታልፊዋለሽ ብዬ ነበር።

ፋሻው የተፈታ ቀን ሐኪሙን «አሁንስ ማልቀስ ይቻላል?» አልኩት። «እንደ ልብህ» አለኝ። ከእሱ ቤት ወጥቼ አንድ ግቢ አጥር ሥር ቆምኩ። አልመጣልኝም። በምን ላልቅስ? ሦስት ቀን ታማ አረፈች ነው ያልሽኝ። አንድ መስመር ነው። ምን ቀመሰች? ምን አለች? ማን አጠገቧ ነበረ? እኔ አልነበርኩም፤ አንቺ ነበርሽ። እስከዛሬ ለዓይኔ ብለሽ የያዝሽውን እንግዲህ ስጪኝ።

ልጅሽ


ጥር 6 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

በዓይንህ ያየኸው ሁሉ መልካም ይሁንልህ። ጫማ ሰፊውን፣ ሽማግሌውን፣ አውቶቡስ ያመለጠውንም ሰውዬ እግዚአብሔር ውለታቸውን ይክፈልልኝ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። ሥራ በዛብኝ ብልህ እችል ነበር፤ አንተ ግን ውሸቴን ትለየዋለህ። አምስት ወረቀት ጀምሬ ትቻለሁ። ይህ ስድስተኛው ነው፤ ሳልጨርሰው አልነሣም ብዬ በሩን ዘግቻለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ከምትሠራበት የትምህርት ቤት ቢሮ ቀደም ብላ መጣች። ብርድ ብርድ አለኝ አለች። አስተኛኋት። ሐኪም ጠራሁ፤ መጣ፣ መድኃኒት ሰጠ፣ ጥሩ አድርጎ አያት። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደላት። ትራስ ደግፋ ተቀምጣ ሁለት እንቁላል በላች። የተማሪዎቹን መዝገብ አምጪልኝ ብላ አልጋ ላይ ሆና ስትሠራ ዋለች። የአንድ ክፍል ሁለት ልጆች ስማቸው እስከ አያታቸው አንድ ሆኖባት፣ «ወይ መንታ ናቸው፣ ወይ አንዱ ሁለቴ ይማራል» ብላ ስትስቅ እኔ ዳነች ብዬ የአልጋውን ብረት ሳምኩት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተመልሶ መጣባት። ሐኪሙም ተመልሶ መጣ። ማታ እንደገና አያታለሁ ብሎ ሄደ።

ከምሳ በኋላ ነው። ፀሐይ በመስኮት ገብታ አልጋው ላይ ነበረች። እኔ ከጀመራት ጀምሮ ጎኔን አላሳረፍኩም። ፎጣ እየነከርኩ ግንባሯ ላይ አደርጋለሁ።

«እማ፣ ቆመሽ ተኝተሻል» አለችኝ።

«አልተኛሁም።»

«ፎጣውን አፍንጫዬ ላይ እኮ ነው ያደረግሽው! ትኩሳቱ ያልገደለኝን አንቺ ልትገድይኝ ነው።»

ሳቅን። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ነይ ትንሽ ጋደም በይ። ከባሰኝ እቀሰቅስሻለሁ።»

«እውነትሽን ነው?»

«እቀሰቅስሻለሁ አልኩሽ እኮ።»

ጋደም አልኩ። ቃሏን አምኜ ጋደም አልኩ።

ስነቃ ፀሐይዋ ከአልጋው ወርዳ ወለሉ ላይ ነበረች። ሞቆኝ ነበር። ብርድ ልብሱ እኔ ላይ ነው። እሷ ላይ ምንም የለም። እስከ አገጬ ድረስ ስባ አልብሳኝ፣ ጠርዙን ዙሪያዬን ሸጉጣዋለች፤ እንዲህ እንደ ሕፃን ተጠቅልዬ ነበር የተኛሁት። እጇ ጠርዙን እንደያዘ ነው። ጠራኋት። ደግሜ ጠራኋት።

አልቀሰቀሰችኝም፣ ልጄ።

ይህን ለረቢያችን አልነገርኩም፤ ለዳቦ ጋጋሪዋም አልነገርኩም። ሰዎች ሲጠይቁኝ አጠገቧ ነበርኩ እላለሁ። አጠገቧ ነበርኩ። ሐኪሙን ግን አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቼ፣ የሌላ ሰው ነገር አስመስዬ፣ «ትኩሳት ያለበት ሰው ብርድ ልብስ ቢገፈፍ ይጎዳዋል ወይ?» አልኩት። «አይጎዳውም፤ እንዲያውም ይሻለዋል» አለኝ። ስተኩስ ስውል ይህችን ቃል ይዤ እውላለሁ። ቤት ስገባ ግን ትለቀኛለች።

ለዓይንህ ብዬ ደበቅሁ ብዬሃለሁ። ሐሰት አይደለም፤ አርባውን ቀን በየጠዋቱ እቆጥረው ነበር። ነገር ግን ቴሌግራም ቤት ውስጥ ያለው ሰውዬ እርሳሱን ይዞ «ምን ብዬ ልጻፍ?» ሲለኝ በአፌ የመጣው «ተኝቼ ነበር» የሚለው ነው። ለእሱ መንገር አቃተኝና ወጣሁ። ሁለተኛ ስሄድም ያው ነው የሆነው። ከዚያ የአንተን አርባ ቀን አገኘሁና ከኋላው ተሸሸግሁ። በእኔ ምክንያት ሰባቱ ቀን ቀርቶብህ ቢሆን ኖሮ ምን እመልስልህ ነበር? ዓይንህ ነው እያልኩ እስክሞት ድረስ እኖር ነበር።

በሰባቱ ቀን የመጣው ሰው ሁሉ «ምን ታደርጊ» ይለኝ ነበር። ለማጽናናት ነው። እኔ ግን ምን ማድረግ እንደነበረብኝ አውቃለሁ፤ ነቅቼ እጇን መያዝ ነበረብኝ። የመጨረሻውን ብቻዋን ነው ያየችው፤ እናቷ ጎኗ ተኝታ ስታንኮራፋ።

ይኸው ሁሉንም ነገርኩህ። ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ልትቆጣ ከፈለግህም ተቆጣ፤ የአሁኑ ቁጣህ ይገባኛል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። አንተም ሰባት ቀን በርጩማ ላይ ተቀምጠህ፣ እንባህን ውጠህ፣ እኔ እንዳልጨነቅ ብለህ ዝም አልከኝ። ሁለታችሁንም አንድ ማኅፀን ነው ያወጣችሁ፤ እሷ ምን አስባ እንደነበር ከአንተ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። አትዋሸኝ። የምትመልስልኝ ይህን ብቻ ነው፤ በእሷ ቦታ ብትሆን ኖሮ፣ አንተ ትቀሰቅሰኝ ነበር?

እናትህ